አካል ቢዝልም አንደበት አይዘጋ

ቆሞ መስገድ ያቃተው ተቀምጦ፣ መቀመጥ ያቃተው በጎኑ ተኝቶ፣ ሩኩዕና ሱጁድ የተሳነው ደግሞ በራሱ ምልክት እየሰጠ እንዲሰግድ ሸሪዓችን ፈቅዶለታል። መነሻው የጠፋው ሳይሆን የቀረው አቅም ነው። እጅና እግራቸው የማይታዘዝላቸውን ሰዎች ከኮምፒውተር ጋር የሚያገናኙት መሣሪያዎችም የተሠሩት በዚሁ መንገድ ነው።

የታወቀውን ምሳሌ እንውሰድ። እንግሊዛዊው የፊዚክስ ሊቅ ስቲቨን ሆኪንግ (ስለ ፈጣሪ በያዘው አቋም ባንስማማም) ጡንቻን የሚያዳክም የነርቭ ሕመም ነበረበት። እ.ኤ.አ. በ1985 የሳንባ ምች ታሞ ለመተንፈሻ ጉሮሮው በቀዶ ሕክምና ከተከፈተ በኋላ ጨርሶ መናገር አቃተው። መጀመሪያ ላይ ሌላ ሰው ፊደላት የተጻፉበትን ካርድ ሲጠቁምለት፣ የፈለገው ፊደል ላይ ሲደርስ ቅንድቡን ያነሣ ነበር። በኋላ ይህንኑ ሥራ ኮምፒውተር ተረከበ። ጠቋሚው ፊደላቱንና ቃላቱን በተራ እየነካ ያልፋል፤ እርሱ በእጁ ቁልፍ ይጫናል፤ ኮምፒውተሩ ዓረፍተ ነገሩን በድምፅ ያነባል። እጁ ሲደክም መነጽሩ ላይ የተገጠመ መሣሪያ የጉንጩን እንቅስቃሴ ይለይለት ጀመር። እ.ኤ.አ. በ2018 እስኪሞት ድረስ የሠራው በዚህ ዘዴ ነው።

ጥበቡ ለዝነኞች ብቻ የተተወ አይደለም። ኢንቴል ለእርሱ ያዘጋጀውን ፕሮግራም እ.ኤ.አ. በ2015 በነጻ ለቋል። ብዙ የአንድሮይድ ስልኮችም በአንድ ቁልፍ ብቻ ለመጠቀም የሚያስችል አሠራር አላቸው፤ በሴቲንግ ውስጥ «አክሰሰቢሊቲ» ከሚለው ሥር ይገኛል።

ኮምፒውተር የሌለውስ? ውድ አንባቢያን፣ የፊደል ገበታችን 33 ረድፍና 7 ዓምድ ያለው ነው። አስታማሚው በመጀመሪያ ሀ፣ ለ፣ ሐ እያለ ረድፉን ይጠቁም፤ ታማሚው የሚፈልገው ላይ ሲደርስ ዓይኑን ይጨፍን። ከዚያ ከግዕዝ እስከ ሳብዕ እንዲሁ ይድገሙት። «ውሃ» ለማለት ሁለት ፊደል ይበቃል። ዋናው ነገር ታማሚው ሳይደክም ደጋግሞ ማድረግ የሚችለውን አንድ እንቅስቃሴ ማግኘት ነው፤ በዚህ የፊዚዮቴራፒ ባለሙያ ያግዛል።

በየቤታችን ግን አእምሮው ደህና ለሆነ ታማሚ ሌላው ሲወስንለት ይታያል። ንብረቱ ሲሸጥ እንኳ የሚጠይቀው የለም። የፊቅህ ሊቃውንት መናገር የማይችል ሰው የሚታወቅ ምልክቱ እንደ ንግግር ይቆጠራል ያሉት በከንቱ አይደለም። ፈቃዱ የእርሱ ነው፤ የእኛ ድርሻ ታግሦ መጠየቅና መልሱን እስኪጨርስ መጠበቅ ነው።

አላህ (ሱ.ወ.) ለታመሙት ዓፊያን፣ ለአስታማሚዎች ሶብርን ይስጥ። ኣሚን።