«ኢንኮምፒተንት» ስለሚባለው የእንግሊዝኛ ቃል

በእንግሊዝኛ ቋንቋ «ኢንኮምፒተንት» የሚባል ቅጽል አለ፤ ትርጓሜውም ለሥራው የሚበቃ ችሎታ የሌለው ማለት ነው። ሥሩ «ኮምፔተሬ» የሚባለው የላቲን ግሥ ነው፤ እርሱም መገጣጠም፥ መስማማት ማለት ነው። በፊቱ ያለው «ኢን» በግዕዝ «ኢአማኒ» በሚለው ቃል ላይ እንዳለው «ኢ» አሉታ ነው።

የቃሉ ትርጓሜ እንደ ስፍራው ይለያያል። ስለ ሠራተኛ ሲነገር ሥራውን አያውቅም የሚል ብርቱ ነቀፋ ነው። በፍርድ ቤት ግን ስድብ አይደለም። የተከሰሰ ሰው ከአእምሮ ሕመም የተነሣ ክሱን ማስተዋልና ከጠበቃው ጋራ መመካከር ሲሳነው በዚህ ቃል ይጠራል፤ የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤትም ይህን መለኪያ በ1960 በአውሮፓ አቆጣጠር ወስኖአል። እንዲህ ያለው ሰው በዚያ ሁኔታ ሳለ ለፍርድ አይቀርብም። ሐኪሞችም ፈጽሞ የማይገጥመውንና ደም ወደ ኋላ የሚያሳልፈውን የልብ ክዳን በዚሁ ቃል ይጠሩታል።

«አንኤብል» የሚለው ቅጽል ግን ነቀፋ የለበትም። የሚናገረው ስለ ሰውየው ጠባይ ሳይሆን ስላልተቻለው ነገር ነው፤ ስለዚህም ያልተቻለውን ነገር የሚገልጽ ግሥ ይከተለዋል። እግሩ የታመመ ተማሪ ዛሬ ለመሮጥ «አንኤብል» ነው፤ ሲድን ይሮጣል።

እንግዲህ የታመመውን ወይም ገና ያልተማረውን ልጅ «ኢንኮምፒተንት» ብሎ መጥራት የቋንቋ ስሕተት ብቻ አይደለም፤ በደልም ነው። ገና አለመማርና ችሎታ ማጣት አንድ አይደሉምና።