አዲስ መንገድ ሲሠራ ውኃው ወዴት ይሂድ?

መንገድ ለአንድ አገር የሚሰጠው ጥቅም ከማንም የተሰወረ አይደለም። የአውራ ጎዳና ባለሥልጣን በ1943 ዓ.ም. ከተቋቋመ ወዲህ በአገራችን ብዙ ሺህ ኪሎ ሜትር መንገድ ተሠርቷል። ይሁን እንጂ መንገድ በተመረቀ ቁጥር የሚነገረን ስለ ርዝመቱና ስለ ወጪው ነው፤ ስለ ውኃው የሚያነሣ ጥቂት ነው። እኛ ግን መንገድ መሥራት ከሁሉ አስቀድሞ ውኃን ማስተዳደር ነው እንላለን። ምክንያታችንም የሚከተለው ነው።

በመጀመሪያ መጠኑን እንመልከት። በ1 ካሬ ሜትር ላይ 1 ሚሊ ሜትር ዝናብ ሲወርድ 1 ሊትር ውኃ ይሆናል። እንግዲህ ስፋቱ 7 ሜትር በሆነ አስፋልት ላይ 20 ሚሊ ሜትር ቢዘንብ፣ በ1 ኪሎ ሜትር ርዝመት ብቻ 140,000 ሊትር ይወርዳል። ሣር የለበሰ መሬት ከዚህ ብዙውን ይጠጣው ነበር፤ አስፋልት ግን አይጠጣም። በዚህ ላይ ተዳፋቱን አቋርጦ የሚያልፍ መንገድ ከዳገቱ የሚመጣውን ጎርፍ ይገድብና በአንድ ቦይ ያከማቸዋል።

ሁለተኛው ነገር የሥራው ቅደም ተከተል ነው። ዶዘሩ ከመግባቱ በፊት ከላይ በኩል የጎርፍ መቀልበሻ ቦይ ይቆፈራል፤ ገበሬው በማሳው ላይ ፈሰስ እንደሚያወጣ ማለት ነው። ክረምት ሳይገባ ሊሸፈን ከሚችለው በላይ መሬት መገፈፍ የለበትም። የላይኛው ለም አፈር ለብቻው ተከምሮ ይቆይና በኋላ ሣር እንዲበቅልበት የመንገዱን ጎን ይለብሳል። ከሥራው ቦታ የሚወጣው ድፍርስ ውኃም ወንዝ ከመግባቱ በፊት በጉድጓድ ረግቶ ደለሉን መጣል አለበት። ማታ ሥራ ሲቆም የተደለደለው አፈር በሩሎ ተዳምጦና ወደ ጎን ዘንበል ብሎ ማደር ይገባዋል፤ ጎድጉዶ ካደረ ውኃ ቋጥሮ ያድራል።

መረሬ የሚባለው ጥቁር አፈር ባለበት አገር ጥንቃቄው ይበዛል። ይህ አፈር ውኃ ሲጠጣ ያብጣል፣ ሲደርቅ ይሰነጠቃል፤ በላዩ ያለውንም አስፋልት አብሮ ይሰነጥቀዋል። ስለዚህ በሚቻልበት ቦታ ተቆርጦ ይወጣና በገረጋንቲ ይተካል፤ የጎኑም ቦይ ውኃ እንዳይቋጥር ይደረጋል።

ሦስተኛውና ዋናው ነገር የውኃው መጨረሻ ነው። መሐንዲሱ ውኃውን ከመንገዱ ሥር በቱቦ ካሳለፈው በኋላ ሥራው ያለቀ ይመስለዋል፤ ከቱቦው በታች ላለው ገበሬ ግን ጣጣው የሚጀምረው ያን ጊዜ ነው። ለዚህ ማስረጃ አለን። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1993 እና በ1994 የተሠራውን የመቀሌ–ዓድዋን መንገድ ተመራማሪዎች አጥንተው በ2002 ውጤቱን አሳትመዋል። ከመንገዱ 6.5 ኪሎ ሜትር የሚሆነውን ሲመረምሩ፣ መንገዱ ከተሠራ ወዲህ ወዲያው ከሥሩ 9 አዳዲስ ቦረቦሮች፣ ከ100 እስከ 500 ሜትር ዝቅ ብሎም ሌሎች 7 ተፈጥረው አገኙ። መንገዱ ራሱ የደረሰበት ጉዳት ጥቂት ነበር። ጉዳቱ የደረሰው ከመንገዱ ውጭ ባለው መሬት ላይ ነው።

መድኃኒቱ የተሰወረ አይደለም። ጎርፉን በጥቂት ትልልቅ ቱቦዎች ከመልቀቅ በብዙ ትንንሽ መውጫዎች መበተን ይሻላል። ከመውጫው በታች ድንጋይ ይደረደራል፤ በቦዩም ላይ ክትር ይሠራል። ገረጋንቲ የወጣበት ጉድጓድ ተስተካክሎ የውኃ ኩሬ ሊሆን ይችላል። በትግራይ በኋለኞቹ ዓመታት የመንገድን ጎርፍ ወደ ኩሬና ወደ ማሳ መምራት ተሞክሯል፤ ትናንት አፈር ይጠርግ የነበረው ውኃ በዚህ አኳኋን ለከብትና ለእህል ይውላል።

እንግዲህ ከመካከላችን ነገ ፕላን የሚነሡ አሉና አንድ ነገር እናሳስባለን። የቱቦውን ቦታ በወረቀት ላይ ከመወሰናችሁ በፊት ግማሽ ኪሎ ሜትር ወደ ታች ወርዳችሁ ባለማሳውን ጠይቁ። ጎርፉ በየትኛው ክረምት በየት በኩል እንደመጣ ከማንም ይልቅ እርሱ ያውቃል። የእርሱ ማሳ በፕላኑ ላይ ባይሳልም ለመንገዱ ዋጋ የሚከፍለው እርሱ እንዳይሆን መጠንቀቅ የእኛ ፋንታ ነው።