የቧንቧ ፉጨት

አዲስ አበባ ውስጥ፣ ሩዋንዳ አካባቢ አስፋልት ዳር፣ በደረቅ በጋ ሳይደርቅ የሚከርም እርጥብ ቦታ ካያችሁ፣ ከሥሩ ቧንቧ ያፈሳል ብላችሁ መጠርጠራችሁ ተገቢ ነው። ቀዳዳው ግን እዚያው ላይሆን ይችላል። ውሃ የሚሄደው አፈሩ ወደለቀቀለት በኩል ስለሆነ፣ ኮብልስቶን አንስቶ እርጥቡን መቆፈር አንዳንዴ ትርፉ ጉድጓድ ብቻ ነው።

ግፊት ያለው ውሃ በጠባብ ቀዳዳ ሲወጣ ያፏጫል። ድሮ ሠራተኛው የብረት ዘንግ ቧንቧው ላይ አሳርፎ በጆሮው ያዳምጥ ነበር። አሁን ሁለት ማዳመጫዎች በሁለት ቫልቮች ላይ ይቀመጣሉ። ፉጨቱ ለቅርቡ ቀድሞ፣ ለሩቁ ዘግይቶ ይደርሳል፤ ኮምፒውተሩም ከልዩነቱ ቦታውን ያሰላል። በመካከላቸው 100 ሜትር የብረት ቧንቧ አለ እንበል፤ ድምፁ በሰከንድ 1,200 ሜትር ቢጓዝና ልዩነቱ 0.05 ሰከንድ ቢሆን፣ ቀዳዳው ከቅርቡ ማዳመጫ 20 ሜትር ላይ ነው።

ፕላስቲክ ቧንቧ ድምፅ ስለሚውጥ ሌላ ዘዴ ይጠይቃል። 5 በመቶ ሃይድሮጅንና 95 በመቶ ናይትሮጅን የተቀላቀለበት ጋዝ ወደ መስመሩ ይለቀቃል። ሃይድሮጅን ቀላል ስለሆነ በቀዳዳው ወጥቶ አፈሩን ሰርስሮ ብቅ ሲል መሣሪያ ያሸተዋል። በሳተላይት ራዳር የመሬትን እርጥበት ማንበብም ተጀምሯል፤ እሱ ግን የሚጠረጠረውን ሰፈር ይጠቁማል እንጂ አዳማጩን ሥራ አያስፈታም።

የእኛ ችግር ሌላ ነው። ማዳመጫ የሚሠራው ቧንቧው ውስጥ ግፊት ሲኖር ነው፤ በፈረቃ የሚያገኝ ሰፈር መስመር ደግሞ ውሃው ሲቋረጥ ዝም ይላል። ቀዳዳው ግን እዚያው ነው፤ ባዶው መስመር ከውጭ ቆሻሻ ውሃ የሚስበውም ያኔ ነው። ስለዚህ ፍለጋው ከፈረቃው ጋር መገጣጠም አለበት፤ የተሻለው ደግሞ መኪናው የሚቀንስበት፣ ሰው ቧንቧ የማይከፍትበት ሌሊት፣ ከ8 እስከ 10 ሰዓት ያለው ነው። በዚያ ሰዓት ወደ ሰፈሩ የሚገባው ውሃ ካልቀነሰ፣ ማን እየጠጣው ነው?

ቤታችሁን ለመፈተሽ ቆጣሪው ይበቃል። ውሃ በመጣበት ቀን ሮቶው እስኪሞላ ጠብቁ፤ ቧንቧዎቹን ሁሉ ዘግታችሁ ቆጣሪው ላይ ያለችውን ትንሿን ተሽከርካሪ ተመልከቱ። ከዞረች የሮቶውን መግቢያ ዝጉ። ያኔ ከቆመች ጥፋቱ የሮቶው ተንሳፋፊ ኳስ ወይም ከሮቶው ወዲያ ያለው መስመር ነው፤ መዞሯን ከቀጠለች ከቆጣሪው እስከ ሮቶው ያለውን መስመር ፈትሹ። በደቂቃ አንድ ሊትር ብቻ ቢፈስ በቀን 1,440 ሊትር፣ ማለትም ሰባት በርሜል ያህል ይሆናል።

ከቆጣሪው በፊት የሚፈሰው ግን ሂሳባችሁ ላይ አይመጣም፤ ለዚህም ነው ብዙዎቻችን አልፈነው የምንሄደው። የውሃና ፍሳሽ ባለሥልጣን ጥሪ መቀበያ ቁጥር 906 ነው፤ ስትደውሉ እርጥቡን ያያችሁበትን ቀንና ያን ቀን ውሃ መምጣት አለመምጣቱን ጨምራችሁ ተናገሩ።