ተራራ ከመከለል በፊት

ከጉና ተራራ የሚነሱት ርብና ጉማራ ወደ ጣና ደለል ተሸክመው ይወርዳሉ። ልቅ ግጦሽ የጎዳው ተዳፋት ከከብት ተጠብቆ ቢከርም ሣሩ ያገግማል፤ አስቸጋሪው ጥበቃው ነው። በደርግ ዘመን ገበሬው ሳይመክርበት የተከለሉ ብዙ ተራሮች በ1983 ዓ.ም. መንግሥት ሲለወጥ ተመነጠሩ፤ የመንግሥት እንጂ የእኛ አይደሉም ይባሉ ነበርና።

ስለዚህ የልማት ሠራተኛው ድንበር ከመትከሉ በፊት ከሽማግሌዎች፣ ከሴቶችና ከእረኞች ጋር ቦታውን በእግሩ ይዙር። እረኛ ልጅ ነው ተብሎ ይታለፋል፤ ድንበሩን በየቀኑ የሚሻገረው ግን እርሱ ነው። ወደ ውኃ የሚያወርደው የከብት መንገድ ከክልሉ ውጭ ይሁን። ሣሩም ከመጀመሪያው ክረምት በኋላ ታጭዶ ከብት ለሌለው ጭምር ይከፋፈል፤ እርሱ ድርሻውን ሊሸጥ ይችላል። ዘበኛውንና የቅጣቱን ልክ ማኅበሩ ራሱ ይወስን። ከቦታው የሚወጡት ከብቶች የት እንደሚውሉ ሳይታወቅ ግን ሥራው አይጀመር።