ባለሞላ ሰንጢ ምን ዓይነት ዘይት ይፈልጋል?

ቁልፉን ሲጫኑት ስለቱ በራሱ የሚወጣ ሰንጢ፣ ሠሪው ለክቶ በሰጠው ጉልበት ብቻ ይሠራል። ተራ ሰንጢ ሲጠጥር አውራ ጣት ጠንከር ብሎ ይገፋዋል፤ ሞላ ግን ከተሰጠው በላይ የሚጨምረው የለውም። በተራው ላይ የምቾት ጉዳይ የሆነው የዘይት ምርጫ እዚህ ስለቱ ወጥቶ መቆለፉን ወይም መንገድ ላይ መቅረቱን ይወስናል። አሜሪካ ውስጥ «የቢላዋ ዘይት» የተባሉ መርፌ አፍ ጠርሙሶች በየዓይነቱ ይሸጣሉ። ገዢው አስቀድሞ ማየት ያለበት ግን የጠርሙሱን ስም ሳይሆን የራሱን ሰንጢ አሠራር ነው።

አሠራሩ በሁለት ይከፈላል። የመጀመሪያው ከጎን የሚከፈተው ነው። ጆርጅ ሽሬድ በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ኒውዮርክ ውስጥ የፈጠራ መብት ያወጣበትና የጣሊያኗ ማኒያጎ ከተማ የታወቀችበት ይህ ዓይነቱ ነው። በዛሬዎቹ አብዛኞቹ ላይ የተጠቀለለ ሞላ በማጠፊያው ብሎን ዙሪያ ተቀምጦ ስለቱን ከመነሻው እስከ መቆለፊያው ይገፋዋል። ፍትጊያው ያለው በብሎኑ ግራና ቀኝ ባሉት ሁለት ሮንዴላዎች ላይ ስለሆነ ትንሽ ወፈር ያለ ዘይት ቢደረግበት አያኮርፍም።

ሁለተኛው ስለቱ ከእጀታው አፍ ቀጥ ብሎ የሚወጣው ነው፤ ችግሩም የሚበዛው እዚህ ላይ ነው። በአንድ ማንሸራተቻ በሚወጣውና በሚገባው ዓይነት ላይ ሞላው ስለቱን የሚስበው በመነሻው ብቻ ነው። ከዚያ በኋላ ስለቱ በፍጥነቱ ተንሸራቶ መቆለፊያው ላይ መድረስ አለበት። መንገዱ ላይ ግራሶ ከጠበቀው ወይም የኪስ ብናኝ ከዘይት ጋር ተቦክቶ ከተጋገረበት አቅሙ ያልቅና መሀል ላይ ይቀራል። ባለቤቱ «ተሰበረ» ብሎ ይደነግጣል። አብዛኛውን ጊዜ ግን አልተሰበረም፤ የስለቱን ጎንና ጎን በጥንቃቄ ይዞ ቀጭ እስኪል መሳብ ይበቃል። ደጋግሞ ከመጣ ግን ዘይት አነሰው ከማለት በፊት ዘይት በዝቶበት እንደሆነ ማየት ይሻላል። ይህ ዓይነት ሰንጢ የሚፈልገው እንደ ውሃ የቀጠነ ዘይት፣ ያም በጠብታ ነው።

ከርካሾቹ ዘይቶች አንዱና ብዙዎች የሚንቁት ነጩ የማዕድን ዘይት ነው። አሜሪካ ውስጥ በየፋርማሲው ለሆድ ድርቀት መድኃኒት ሆኖ ይሸጣል፤ የሚዋጥ ስለሆነ ፍራፍሬና ዳቦ በሚቆረጥበት ሰንጢ ላይ ቢቀር አያሰጋም። አገር ቤት በየልብስ ሰፊው ጠረጴዛ ላይ የምትገኘው የስፌት መኪና ዘይትም የዚሁ ቤተሰብ ናት፤ ለሰንጢ ማጠፊያ ትበቃለች፣ ምግብ ለሚነካ ስለት ግን የፋርማሲው ይመረጣል። እኔን ከጠየቃችሁኝ፣ ከአሥር ሰንጢ ዘጠኙ ከዚህ ያለፈ አያስፈልገውም።

የወጥ ቤት ዘይት ግን አይነካም። የአትክልት ዘይት አየር ሲያገኘው ቀስ በቀስ እየተያያዘ ሙጫ ይሆናል። ኑግ ደግሞ በዚህ ይብሳል፤ በሊኖሌይክ አሲድ የበለጸገ በመሆኑ ለቀለም መሥሪያ እስከ መዋል የደረሰ ዘይት ነው። በጣሳ አፍ ላይ የደረቀ የኑግ ዘይት በጥፍር ፍቆ ለማንሳት የሞከረ ሰው፣ ያው ነገር በሮንዴላዎቹ መሀል ሲደርቅ ሞላው ምን እንደሚገጥመው መገመት አያቅተውም።

ዳብሊው ዲ-40 ስለተባለው ፈሳሽ ክርክሩ አያልቅም። በ1953 ሳንዲያጎ ውስጥ የተቀመመው ውሃን ከብረት ላይ አባርሮ ዝገት ለመከላከል ሲሆን፣ የመጀመሪያ ሥራውም የአትላስ ሚሳይልን ገላ መጠበቅ ነበር። አብዛኛው ይዘቱ የሚተን ማሟሟያ ነው። ስለዚህ የተጋገረ ቆሻሻ ለማጠብ ጥሩ ነው፤ ማሟሟያው ከተነነ በኋላ የሚቀረው ስስ ዘይት ግን ለረጅም ጊዜ ማለስለሻነት የሚታመን አይደለም። ታጥቦበት፣ ተጠርጎ፣ ሌላ ዘይት ይከተለው።

በዋጋው ጫፍ ላይ ፍሎሪን ያለባቸው ቅባቶች አሉ። ክራይቶክስ ከእነዚህ የታወቀው ነው፤ አይደርቅም፣ አይበላሽም፣ ፕላስቲክ አይጎዳም። ከጎን በሚከፈተው ሮንዴላ ላይ የእርሳስ ጫፍ ያህል ቢቀባ ለረጅም ጊዜ ይቆያል፤ ከአፍ በሚወጣው ውስጥ ግን የግራሶው ዓይነት ስለቱን ይይዘዋል። በትነት ደርቆ ስስ የቴፍሎን ሽፋን የሚተው ዓይነትም አለ፤ ብናኝ ስለማይሰበስብ አቧራማ ቦታ ለሚሠራ ሰው ይመቻል። ቴፍሎን የነካ እጅ ሳይታጠብ ሲጋራ መያዝ ግን ክልክል ነው፤ በእሳቱ ሲቃጠል የሚወጣው ጭስ ትኩሳትና ብርድ ብርድ የሚል ሕመም ያመጣል። በ2023 አምስት የአውሮፓ አገሮች ክራይቶክስና ቴፍሎን ያሉበትን የኬሚካል ቤተሰብ በጠቅላላ ለመገደብ ሐሳብ ስላቀረቡ፣ እነዚህ ቅባቶች እንደ ልብ እንደሚገኙ መቀጠላቸው አጠያያቂ ነው።

ግራፋይት ለቁልፍ ጉድጓድ ይሁን፤ የብዙዎቹ ባለሞላ ሰንጢዎች እጀታ አልሙኒየም ነውና እርጥበት ባለበት ግራፋይት ሲነካው ይበላዋል። ሲሊኮን ስፕሬይም ብረት በብረት ላይ ሲፋተግ እምብዛም አይጠቅም።

ማለስለስና ዝገት መከላከል አንድ ሥራ የሚመስላቸው ብዙ ናቸው። ማጠፊያው ላይ የተደረገው ጠብታ ስለቱን አይጠብቅም። ዲ2 የተባለው ብረት ክሮሚየም ቢኖረውም ሙሉ በሙሉ የማይዝግ ስላልሆነ፣ ላብ ባለበት ኪስ ከዋለ በጨርቅ በስሱ ዘይት ይታበስ። ኤስ30ቪ የተባለው ብረት በዚህ በኩል ይሻላል።

ጥገናው ቤት ውስጥ የሚያልቅበት አንዱ ምክንያት ሕግ ነው። በ1958 የወጣው የአሜሪካ ፌዴራል ሕግ የእነዚህን ሰንጢዎች ከስቴት ወደ ስቴት ንግድ ይገድባል፤ ከጥቂት በቀር በመንግሥት ፖስታ መላክም ክልክል ነው። የእኛ ሰው በብዛት በሚኖርበት በዋሽንግተን ዲሲ መያዙ ራሱ ወንጀል ነው፤ ፖቶማክን ተሻግሮ ቨርጂኒያ ሲገባ ሕጉ ይለወጣል። እንግሊዝ በ1959 ሽያጩን፣ በ2019 ባወጣችው ሕግ ደግሞ ቤት ውስጥ ማስቀመጡን ጭምር ከልክላለች።

ሕጉ የሚፈቅድለት ሰው ሰንጢውን በካቻቢቴ ከመፍታቱ በፊት የዋስትናውን ወረቀት ያንብብ፤ ብዙ አምራቾች የተፈታ ሰንጢ ሲመለስላቸው ኃላፊነት አይወስዱም። ሳይፈቱ በእጀታው አፍ ማሟሟያ መንፋት፣ አፉን ወደ ታች አድርጎ እየከፈቱና እየዘጉ ጥቁሩ ፈሳሽ እስኪጠራ ማንጠባጠብ፣ ከደረቀ በኋላ በየጎኑ አንድ አንድ ጠብታ መጨመር ይቻላል። ይህ ሁሉ ተደርጎ ስለቱ አሁንም ካልቆለፈ ሞላው ደክሞ ሊሆን ይችላልና በግል መልእክት አድራሽ ድርጅት በኩል ወደ ሠሪው ይላካል።