ላፕቶፕ ቶሎ እንዲተኛ፦ የሚሞሪ አያያዝ ሲዳሰስ

ላፕቶፑን አጥፎ ቦርሳው ውስጥ የሚከት ሰው ማሽኑ ወዲያው እንዲተኛለት፣ ሲከፍተውም ሥራው ካቆመበት እንዲቀጥልለት ይጠብቃል። አንዳንዱ ላፕቶፕ ይህን በሁለትና በሦስት ሰከንድ ይጨርሰዋል፤ ሌላው ፋኑ እየጮኸ ደቂቃ ይፈጅበታል። ብዙ ሰው መዘግየቱን በማሽኑ አቅም ያመካኛል። አቅሙ ድርሻ አለው፤ ብዙ ጊዜ ግን ነገሩን የሚወስነው ኦፐሬቲንግ ሲስተሙ የመተኛው ሰዓት ከመድረሱ በፊት ሚሞሪውን እንዴት እንደያዘው ነው።

ሁለቱ እንቅልፎች

የዛሬው አሠራር መነሻው ኢንቴል፣ ማይክሮሶፍትና ቶሺባ እ.ኤ.አ. በ1996 ያወጡት ኤሲፒአይ የተባለ ስታንዳርድ ነው። በስሊፕ ጊዜ ኤሌክትሪክ የሚያገኘው በዋናነት ራሙ ነው፤ ፕሮሰሰሩ፣ ዲስኩና ስክሪኑ ይጠፋሉ። ራም ኤሌክትሪክ ሲቋረጥበት የያዘውን ስለሚያጣ ባትሪው ቀስ እያለ ይወርዳል። በሃይበርኔት ጊዜ ደግሞ ራሙ የያዘው ዲስክ ላይ ይጻፍና ማሽኑ ሙሉ በሙሉ ይጠፋል።

16 ጊጋባይት ራም ካለው ላፕቶፕ 8 ጊጋባይት መጻፍ ካስፈለገ፣ በሰከንድ 100 ሜጋባይት የሚጽፍ ሃርድ ዲስክ 80 ሰከንድ ይፈጅበታል፤ በሰከንድ 2 ጊጋባይት የሚጽፍ ኤስኤስዲ በ4 ሰከንድ ይገላገለዋል። ዲስኩን መቀየር የገዢው ጉዳይ ነው። የኦፐሬቲንግ ሲስተም ሠሪዎች ትግል ከ8 ጊጋባይቱ ጋር ነው።

ምን ይጻፍ፣ ምን ይጣል

የኦፐሬቲንግ ሲስተሙ እምብርት የሆነው ከርነል ሚሞሪውን አብዛኛውን ጊዜ 4 ኪሎባይት በሆኑ ገጾች ከፋፍሎ ይይዛል። ከፋይል ተነብበው ያልተቀየሩ ገጾች ዲስክ ላይ ዋናቸው ስላለ ያለ ሐሳብ ይጣላሉ። ተቀይረው ገና ያልተጻፉት ግን መጀመሪያ ወደ ፋይላቸው መመለስ አለባቸው። የፕሮግራሞች የራሳቸው ዳታ፣ ለምሳሌ በብራውዘር የተከፈቱ ገጾች የያዙት፣ የሚመለስበት ፋይል የለውም፤ ወይ ወደ ስዋፕ፣ ማለትም ዲስክ ላይ ለሚሞሪ ማሟያ ወደተለየ ቦታ፣ ይወጣል፣ ወይ በሃይበርኔት ጊዜ ዲስክ ላይ ከሚቀመጠው የሚሞሪ ቅጂ (ምስል) ጋር ይጻፋል።

ሊኑክስ ሃይበርኔት ሲያደርግ ፕሮግራሞቹን ያቆማል፣ ቦታ ያስለቅቃል፣ የሚሞሪውን ቅጂ በአንድ ቅጽበት ያነሳል፣ ከዚያ ይጽፋል። ቅጂው የሚቀመጠው እዚያው ራም ውስጥ ስለሆነ ምስሉ ከራሙ ግማሽ ገደማ መብለጥ አይችልም። ከርነሉ በነባሪነት የሚያነጣጥረው ከራሙ ሁለት አምስተኛ አካባቢ ላይ ሲሆን ባለቤቱ መጠኑን ዝቅ ሊያደርገው ይችላል። ዝቅ ማድረግ ግን ሁልጊዜ አያፈጥንም። የተቀነሰው የሚጣል ገጽ ከሆነ ትርፍ ነው፤ ወደ ስዋፕ የሚወጣ ከሆነ ግን ያው ዲስክ ላይ በሌላ በር ተጻፈ ማለት ነው።

ሌላው መንገድ ማመቅ ነው። ሊኑክስ ምስሉን ኤልዜድኦ በተባለ ዘዴ እያመቀ ሲጽፍ ቆይቶ እ.ኤ.አ. በ2024 ኤልዜድ4ን በአማራጭነት ጨምሯል። ዊንዶውስም የሃይበርኔት ፋይሉን ያምቃል፤ ለፋይሉ በነባሪነት የሚመደበው ቦታ በዊንዶውስ 7 ከራሙ 75 በመቶ የነበረ ሲሆን በዊንዶውስ 10 ወደ 40 በመቶ ወርዷል። ዊንዶውስ 8 እ.ኤ.አ. በ2012 ይዞት የመጣው ፈጣን አነሳስ ደግሞ ከዚህም ያለፈ ነው፦ ተጠቃሚውን ካስወጣ በኋላ የከርነሉን ክፍል ብቻ ይጽፋል። ከማመቅም የሚሻለው አለመጻፍ መሆኑን ያሳየ ሥራ ነው።

ስሊፕም ይጽፋል

ስሊፕ ዲስክ አይነካም የሚለው ግምት ብዙ ሰው ያሳስታል። ሊኑክስ ከመተኛቱ በፊት ያልተጻፉ ገጾችን ሁሉ ወደየፋይላቸው እንዲወርዱ በነባሪነት ያዝዛል። አንድ ሰው ትልቅ ፊልም ወደ ፍላሽ እየገለበጠ ላፕቶፑን አጠፈው እንበል። ከርነሉ ጽሕፈቱን ከጀርባ የሚጀምረው ያልተጻፈው ከሚገኘው ሚሞሪ 10 በመቶ ሲያልፍ፣ ወይም ገጹ 30 ሰከንድ ሲሞላው ነው፤ ፕሮግራሙን እስኪጻፍ ጠብቅ የሚለው 20 በመቶ ላይ ሲደርስ ነው። ባለ 16 ጊጋባይት ማሽን ላይ ይህ ወደ 3 ጊጋባይት ሊጠጋ ይችላል። ፍላሹ በሰከንድ 10 ሜጋባይት ብቻ የሚጽፍ ከሆነ 5 ደቂቃ አለቀ። ገደቦቹን ዝቅ ማድረግ ክምችቱን ያሳንሰዋል። እ.ኤ.አ. ከ2020 ወዲህ ጽሕፈቱን ጭራሽ መዝለልም ይቻላል፤ ነገር ግን ባትሪው ተኝቶ እያለ ካለቀ ያልተጻፈው ይጠፋል።

የግራፊክስ ካርድም የራሱ ጣጣ አለው። ለብቻው የተገጠመ ካርድ ኤሌክትሪክ ሲቋረጥበት በሚሞሪው ያለው ስለሚጠፋ ድራይቨሩ ወደ ዋናው ራም ያሻግረዋል። ራሙ ሞልቶ ከሆነ ሌላ ዳታ ወደ ስዋፕ መውጣት አለበት፤ በዚያ ሰዓት ዲስኩ ቀድሞ ተኝቶ ከተገኘ መተኛቱ ይከሽፋል። በሊኑክስ የኤኤምዲ ድራይቨር ላይ የተወሰደው መፍትሔ የቅደም ተከተል ለውጥ ነበር፦ ዳታውን ዲስኩ ገና ነቅቶ ሳለ ማሻገር።

የመንቃቱ ዕዳ

ለመተኛት የተጣለ ገጽ ሲነቁ እንደገና ይነበባል። ስክሪኑ በርቶ፣ ብራውዘሩ ግን አልንቀሳቀስ የሚለው ለዚህ ነው። ናይጄል ከኒንግሃም የመራው ተክስኦንአይስ የተባለ የሊኑክስ ሃይበርኔት ፕሮጀክት የፋይል ገጾቹን ቀድሞ ጽፎ ቦታቸውን ለቀሪው ቅጂ በመጠቀም የግማሹን ገደብ ያልፍ ነበር፤ ማሽኑ ሲነቃ ሁሉም ገጽ በቦታው ይገኛል። ሌላው የሊኑክስ ፕሮግራመር ኮን ኮሊቫስ በበኩሉ ወደ ስዋፕ የወጡ ገጾችን ማሽኑ ሥራ ሲፈታ ቀድሞ የሚመልስ ዘዴ አቅርቦ ነበር። ሁለቱም ወደ ዋናው ከርነል አልገቡም። እ.ኤ.አ. በ2022 መጨረሻ የወጣው ሊኑክስ 6.1 የትኛው ገጽ በቅርቡ እንደማይፈለግ ይበልጥ የሚለይ አሠራር ይዞ መጥቷል። ራም ውስጥ አምቆ የሚያስቀምጠው ዜድራም ለስሊፕ ይረዳል፤ የሃይበርኔትን ምስል ግን መያዝ አይችልም፤ ማሽኑ ሲጠፋ አብሮ ይጠፋልና።

አዲሶቹ ላፕቶፖች

ብዙ አዳዲስ ላፕቶፖች የቀድሞውን ስሊፕ ትተዋል። ፕሮሰሰሩ ሳይጠፋ ጥልቅ እረፍት ውስጥ ስለሚገባ መተኛትም መንቃትም እጅግ ይፈጥናል። ዋጋው ቦርሳ ውስጥ የሚሞቅ ማሽንና ሳይታሰብ የሚያልቅ ባትሪ ሊሆን ስለሚችል ዊንዶውስ ከተወሰነ ጊዜ በኋላ ወደ ሃይበርኔት ያሸጋግረዋል። ስለዚህ የመጻፉ ጥያቄ ዘገየ እንጂ አልቀረም።

ቀድሞ ዓይን የሚገባው ላፕቶፑ ከታጠፈ እስኪጠፋ ያለው ጊዜ ነው። መለካት ያለበት ግን ሰውየው ተመልሶ መሥራት እስኪችል ያለው ድምሩ ነው። በዚህ ሚዛን የሚያዋጣው ጽሕፈቱን ተጠቃሚው ሳይሰማው በሥራው መሐል ከፋፍሎ መጨረስ ነው፤ እንግዳ ደጅ ከቆመ በኋላ ቤት መጥረግ አያዋጣም። በጣም ቀድሞ መጻፍም ገና የሚቀየረውን ገጽ ደጋግሞ ማስጻፍ ነው፤ ባትሪም የኤስኤስዲ ዕድሜም ይበላል። በቀን አሥር ጊዜ የሚታጠፍ ላፕቶፕና ሌሊት ብቻ የሚተኛ ማሽን አንድ ቅንብር የማይስማማቸው ለዚህ ነው።