የሉዊጂ ግልምጫ እንዴት ሚም ሆነ?

ሉዊጂ ክፉ ሰው አይደለም። ይህ ባለ አረንጓዴ ኮፍያ የማሪዮ ወንድም በ1983 እ.ኤ.አ. ብቅ ካለ ወዲህ በኒንቴንዶ ጌሞች የሚታወቀው በየዋህነቱና በፍርሃቱ ነው። በ2001 በወጣው «ሉዊጂስ ማንሽን»ማ የእጅ ባትሪ ይዞ መናፍስት በሞሉበት ቤት እየተንቀጠቀጠ ይዞራል። በ2014 ግንቦት ላይ «ማሪዮ ካርት 8» የተባለው የእሽቅድምድም ጌም ሲወጣ ግን ተጫዋቾች ሌላ ሉዊጂ አገኙ። ተፎካካሪውን በኤሊ ቅርፊት መትቶ ሲያልፍ አንገቱን ያዞርና፣ ፊቱን ሳይፈታ፣ ዓይኑን ሳይነቅል ይገላምጠዋል።

ለሉዊጂ ብቻ ተብሎ የተሠራ ነገር አልነበረም። በዚህ ጌም ውስጥ ሌሎቹ አሽከርካሪዎችም አጠገባቸው ወዳለው ተፎካካሪ ዞር ብለው ያያሉ፤ ውድድሩ ሕይወት እንዲኖረው ታስቦ የገባ ጥቂት እንቅስቃሴ ነው። ደግሞም የሚጫወተው ሰው አያየውም። ካሜራው ከመኪናው ኋላ ስለሚከተል የሚታየው የሾፌሩ ጀርባ ነው፤ ዓይንም መንገዱ ላይ ነው።

ሚሙን የወለደው ከውድድሩ በኋላ የሚመጣው ነው። «ማሪዮ ካርት ቲቪ» የተባለው ክፍል የውድድሩን ዋና ዋና ቅጽበቶች መርጦ ያሳያል። እዚያ ካሜራው ወደ ጎንና ወደ ፊት ይዞራል፣ ምስሉም እንዲዘገይ ማድረግ ይቻላል። እንደ ዓይን ጥቅሻ የሚያልፈው እይታ ሲዘገይ ዛቻ ሆነ። ከሁሉ በላይ ትልቁ ነገር ግን ቪዲዮውን ከዚያው ከመጫወቻው በቀጥታ ዩቲዩብ ላይ መጫን መቻሉ ነበር። ቀድሞ ይህን ለማድረግ የተለየ መቅረጫ ዕቃ ያስፈልግ ነበር፤ ያኔ ግን ሶፋው ላይ የተቀመጠ ልጅ ሁሉ ፊልም አሰራጭ ሆነ። ብዙዎቹ ከሥሩ የራፕ ሙዚቃ አስገቡበት፤ ግልምጫውም ጌሙ በወጣ በጥቂት ቀናት ውስጥ ኢንተርኔቱን አጥለቀለቀው።

ለምን የእሱ ፊት? እኔ እንደማምነው ምሥጢሩ ፊቱ ላይ ብዙ ነገር አለመኖሩ ነው። ከመቶ ዓመት ገደማ በፊት የሶቪየቱ ፊልም ሠሪ ሌቭ ኩሌሾቭ ስሜት የማይነበብበትን የአንድ ተዋናይ ፊት ከሾርባ ሳህን፣ ከሬሳ ሣጥንና ከሴት ምስል ጋር እያፈራረቀ አሳየ። ተመልካቾች አንድ ጊዜ ረሃብ፣ አንድ ጊዜ ሐዘን፣ ሌላ ጊዜ ፍላጎት አነበቡበት ይባላል። ፊቱ ግን ያው ነበር። የሉዊጂም እንዲሁ ነው፦ የወደቀውን ሰው አስቀድመን ስላየን ጭካኔውን የምንጨምርለት እኛ ነን። ጭካኔው ደግሞ ከዚያ ፈሪና የዋህ ሰው መምጣቱ ሳቁን ያበዛዋል። ከመጀመሪያውም ክፉ የሆነው የማሪዮ ጠላት ባውዘር ቢገላምጥ ማንም ዞር ብሎ አያየውም ነበር።

በ2011 የወጣው «ኤል ኤ ኑዋር» የተባለው የወንጀል ምርመራ ጌም ተቃራኒውን መንገድ ሄዷል። ተጫዋቹ የተጠርጣሪን ውሸት ከፊቱ እንዲያነብ የእውነተኛ ተዋናዮች ፊት በ32 ካሜራ ተቀረጸ። ከዚያ ሁሉ ልፋት ሚም ሆኖ የቀረው ግን የመርማሪው የኮል ፌልፕስ ፊት ነው፤ እሱም ብቻውን አልቆመም፤ «እጠራጠራለሁ» የሚለው የኤክስ ቁልፍ ምርጫ አብሮት ይለጠፋል። ሰዎች የማያምኑትን ወሬ ሲሰሙ የሚልኩት ያንን ነው። ሉዊጂ ግን ጽሑፍ አላስፈለገውም።